ታንከር ውስጥ የቀረው ድምፅ

ፀሐይ የመታው የፕላስቲክ ታንከር ሽታ ታውቁታላችሁ? እዚህ ሞጣ ግቢያችን ውስጥ ውሃ በጠፋ ቁጥር ክዳኑን ከፍቼ ጭንቅላቴን አስገባለሁ። ልጄ «እማ፣ ባዶ መሆኑን ለማየት ይሄን ያህል ትቆያለሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። ውሃውን መች አየሁት! የማዳምጠው ጓደኛዬን ነው።

ያኔ ቢቸና አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። እሷ የዜማ መምህሩ የየኔታ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ። እኔ ደግሞ ነገር ካላወቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ለፍላፊ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነበረን፤ አንድ ቀን በስልኩ የአንዲት ኦፔራ ዘፋኝ ድምፅ አሰማን። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዱ «ኧረ ምጥ ይዟታል!» አለ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ማይክ የላትም?» አለችው።

«የላትም። አዳራሹን የምትሞላው በትንፋሿ ነው።»

በቃ፣ ያቺ ቃል ልቧ ገባች። ሰው ያለ ማይክ እንዴት አዳራሽ ይሞላል? እየተከተለች ስትጠይቀው መምህሩን ፋታ ነሳችው። እሱም ድምጿን ሲሰማ ጊዜ አዲስ አበባ ካለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስመዘገባት። የመግቢያ ፈተናው አንድ ወር ነበር የቀረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሸለቆ ወረድንና «እስቲ ልሞክረው» አለች። አፏን ከፈተች። እናንተዬ! ጆሮዬን ያዝኩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በእኛ አገር ሴት ድምጿን እንዲያ ካወጣች ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሰው ገደል ገብቷል። እሪታ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ያልሮጠ ከሰው አይቆጠርም። ዞር ስንል ሰፈሩ በሙሉ ቁልቁል እየወረደ ነው። ዱላ የያዘ፣ ማጭድ የያዘ፣ አንዷማ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን አድጧቸው ወድቀው ጉልበታቸው ደምቷል።

«ማነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እየተለማመድኩ ነው» አለች።

ሽማግሌው ደማቸውን እየጠረጉ ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ዛሬ በከንቱ ከጠራሽን የቸገረሽ ቀን ማን ይደርስልሻል?»

የኔታ በእሷ ፈንታ ነጠላቸውን አደግድገው ሰፈሩን ይቅርታ ጠየቁ። ለእሷ ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሁለተኛ ድምፅሽን እንዳልሰማ።»

ፈተናው ግን ደርሷል። ካልተለማመደች አለቀላት። ታንከሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ እስቲ ልኩራበት! ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጋደም ብሎ የተጣለ አሮጌ ነው። ጭንቅላቷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ስትለማመድ እኔ መዳፌን ከውጭ ለጥፌ ፕላስቲኩ ሲነዝረኝ ይሰማኛል። ውጭ የሚወጣው ግን ከንብ ቀፎ አይበልጥም። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እየጓጓሁ በር ጠባቂ ሆኜ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

አንድ ቀን የኔታ መጡ። ጠባቂዋ ምን አደረገች? ሮጠች። ጥያት ሮጥኩ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በሳምንቱ ከሞጣ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ በሚያልፈው አውቶቡስ ላይ፣ ሻንጣዋን ተሸክመው፣ የኔታ ራሳቸው አሳፈሯት። ላብድ ነው! ምን ተባብለው ነው? በመስኮቱ ብጠይቃት «በኋላ እነግርሻለሁ» ብላኝ ሄደች።

ያ «በኋላ» ስንት ዓመት ፈጀ! ፈተናውን አለፈች። መጀመሪያ ከኳየር ጋር በኅብረት፣ ከዚያ ብቻዋን፣ ከዚያ ውጭ አገር ባሉ ትልልቅ አዳራሾች ዘፈነች። በቪዲዮ አየኋት፤ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ማይክ ሳይኖራት። ቢቸናም ሰዉ ስልክ እየተቀባበለ ያያትና «ለእሷ መጀመሪያ የሮጥን እኛ ነን» እያለ ይጎርራል።

አምና የኔታ አረፉ፤ እኔም ለለቅሶው ቢቸና ሄድኩ። እሷ የደረሰችው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ከመኪና ወርዳ ወደ ድንኳኑ አልገባችም፤ እጄን ይዛ ወደ ሸለቆው ወረደች። ሐዘን ላይ መሆናችንን መች አጣሁት፣ ግን አላስቻለኝም።

«ያን ቀን ምን አሉሽ?»

«ጥምጣማቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን ታንከሩ ውስጥ አስገቡና አዜሙ። ድምፃቸው ተሰበረ። ደገሙት፣ እምቢ አላቸው። ‹እኔ ድምፄን ተማሪ ላይ ጨርሼዋለሁ። ያንቺ ሳያልቅ ሂጂ› አሉኝ። ‹ግን ያን ቀን አገሩን በከንቱ አስሩጠሻል። እኔ ስሞት መጥተሽ የእውነቱን ጥሪልኝ።›»

ይህን ብላ አፏን ከፈተች።

የኔታ መሞታቸውን የማያውቅ አልነበረም። ራሳቸው ቀብረዋቸው የተመለሱ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስሮጥ ነገር አልነበረም። ቀና ስል ግን ሰፈሩ በሙሉ ቁልቁል እየወረደ ነው። ዱላ የያዘም አለ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ከሁሉም ኋላ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«ደርሰናል፣ ልጄ» አሏት። «ደርሰናል።»