እጄን ያነሳሁበት ደንብ

ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንብኝ አልወድም። ጀፕ በሚባለው የስደት ገበያችን ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ እየሸጥኩ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃዬን የሚያሞግስ ደንበኛ ከገባ ከአፉ ይልቅ እጁን ነው የማየው። ስለዚህ በዚያ በኮሮና ዘመን፣ የማኅበራችን ምርጫ በተቃረበበት ሳምንት፣ ከእጩዎቹ አንዱ የሆኑት ሽማግሌ ሐሙስ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆመው "በላሽ ወይ ልጄ?" ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ። የፈለጉት ድምፄን ነው አልኩ። በልቻለሁ ብዬ ፊቴን ወደ ዕቃዬ መለስኩ።

ማኅበሩ የመረዳጃ ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶውን ያሰናዳል፣ አስከሬኑን አገር ቤት ይልካል። መሪውን ፕሬዚዳንት እንለዋለን። ለሁለት ተከፍለን ነበር፤ ቀደም ብለን የመጣነውና ደንቡ እንዳይነካ የምንፈልገው ባንድ ወገን፣ አዲሶቹ በሌላ። እኛን "ወግ አጥባቂዎቹ" እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ ስሙን ወደድነው። እያንዳንዱ ወገን ለዋናው ምርጫ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያቀርብ መጀመሪያ እርስ በርሳችን መመራረጥ ነበረብን። ከእኛ በኩል ሦስት ሰዎች ተነሡ፤ ማጣሪያው ለእሁድ ተቀጠረ።

ልቤ ግን ግማሹ ሆስፒታል ነበር። ጻካኔ በሚባል ሰፈር ከጓደኛው ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ትንፋሽ አጥሮት ተኝቷል። ጠያቂ አይገባም። ሆስፒታል ያደረሰው ጓደኛው ስለነበር የተመዘገበው የእሱ ስልክ ነው፤ የወንድሜን ወሬ የምሰማው ከእሱ ብቻ ነበር። በየቀኑ እደውልለታለሁ፤ ኦክስጅን ላይ ነው፣ ዛሬ ዓይኑን ገለጠ፣ ዛሬ ጭንቅላቱን ነቀነቀ ይለኛል። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ላይ ንግግሩ አጠረ። "ያው ነው" ይልና ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ይዘጋል። ሱቁን ብቻውን ስለያዘ ደክሞታል ብዬ ተውኩት። ሁሉን የምጠረጥረው ሴትዮ እሱን አልጠረጠርኩም።

ሦስቱን እጩዎች ግን እንደ ሸቀጥ አገላብጬ አየኋቸው። የጫማ አከፋፋዩ ንግግር ይችላል። እንግሊዝኛው ፖሊስ ጣቢያ ያስከብረዋል፤ ሱቅ ሊዘረፍ ነው በተባለ ጊዜ ጠባቂ አመጣለሁ፣ መንገድ አዘጋለሁ ይል ነበር። ጭምጭምታ በተሰማ ቁጥር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚወርደው የብረት መዝጊያ የእሱ ነው። እሱን ቶሎ ጣልኩት።

የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ልጅ እግር ነጋዴ ከባድ ነበር። ሁሉ ነገር በተዘጋ ጊዜ በዋትሳፕ አፈላልጎ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ቤታቸው ተቆልፈው የተራቡትን ዱቄትና ዘይት ያደረሰላቸው እሱ ነው። ከማናችንም ይፈጥናል። ከእኛ ወገን ሆኖ ግን አንድ ደንብ ይለወጥ ይል ነበር፤ የመርዶውን። የሞተበት ሰው በሰዓቱ ይነገረው፣ እኛ እያወቅን እሱ እየሳቀ የሚውልበት ቀን ግፍ ነው ይላል። ይህን ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ተመራጭ አላምንም።

ሽማግሌው ወጉን እንዳለ ይዘዋል። በእሳቸው ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተፈልጎ ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰናዳል፣ ከዚያ ማለዳ በር ይንኳኳል፤ እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። የአስከሬን ወረቀት ከየትኛው ቢሮ እንደሚጀመር ያውቃሉ፣ ከዘበኛው ጋር በዙሉ ቋንቋ ተሳስቀው ይገባሉ። ጉድለታቸው ሰውን ሳይጠይቁ የሚወስኑለት መሆኑ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሚዛኔ ወደሳቸው ያደላ ነበር። ያናደደኝ ድምፄ በእጃቸው እያለ ሊለማመጡኝ መምጣታቸው ነው።

ዓርብም መጡ። ቅዳሜም መጡ። ስለ ምርጫው ትንፍሽ አላሉም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ያን ሰሞን ፊት ለፊቴ መጋረጃ የምትሸጠው ጎረቤቴ መብራት ጠፋብኝ ብላ እኔ ቤት ማደር ጀመረች። አመሻሽ ላይ በፎቋ ስር ሳልፍ የሷ መስኮት ቦግ ብሎ በርቷል። ይቺ ደግሞ የሳቸው ቀስቃሽ ሆናለች ማለት ነው አልኩና ራቴን ዝም ብዬ አቀረብኩላት። ስንበላ ቀና ብላ አላየችኝም። መተላለፊያው ላይ ሴቶቹ ሲያወሩ ደርሼ ወሬው ይቋረጣል። ማስክ ከዓይን በታች ያለውን ሁሉ ስለሸፈነው ማን ምን እንዳሰበ ማወቅ አይቻልም ነበር። አንድ ነገር እየተዶለተ መሆኑን ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

እሁድ ከሰዓት አንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ወንበሮቹን አራርቀን ተቀመጥን፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። የጫማው ሰው ረጅም ንግግር አደረገ። ሽማግሌው ሁለት ነገር ብቻ ተናግረው ተቀመጡ፤ ያን ቀን ወለሉን ወለሉን ሲያዩ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢው ስለ መርዶው ደንብ ሐሳብ ያለው አለ ወይ ሲል ጠየቀ። ሌላ ጊዜ በዚህ ጉዳይ የሚጯጯህ ሕዝብ አንድም እጅ አላወጣም። ፈርተው ነው ብዬ ንዴቴ መጣና ብድግ አልኩ።

ሁላችንም የምናውቃትን ሴት አነሣሁ፤ ለደንበኛ መልስ እየቆጠረች የባሏን ሞት ፌስቡክ ላይ ያየችውን፣ ሳንቲሙ ከእጇ ተበትኖ ደንበኛው ሲለቅምላት የነበረውን። "እኔ ብሆን በዚያ መንገድ መስማት አልፈልግም" አልኩ። "ሞቶብኝ ከሆነ ዘመድ እስኪመጣ ደብቁኝ። አንድ ቀን ይሁን አንድ ሳምንት፣ ደብቁኝ።" ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በንግግሬ የተነካች መስሎኝ ደስ አለኝ።

ተራው የስልክ ነጋዴው ነበር። ተነሣ፣ ረጅም ጊዜ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በዚህ ጉዳይ የምለው የለኝም ብሎ ቁጭ አለ። ገዝተውታል አልኩ በልቤ። ድምፅ በእጅ ሲሰጥ ለሽማግሌው መጀመሪያ የወጣው እጅ የኔ ነበር። ሌላው ሁሉ እኔን እያየ ተከተለኝ። አሸነፉ፤ ያጨበጨበላቸው ግን አልነበረም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች፤ ጥቁር ለብሳለች። ሽማግሌው ገቡ፣ ከኋላቸው የወንድሜ ጓደኛ፣ ከእሱ ኋላ ደርባን የሚኖረው አጎቴ። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅሁ። ከጮኽኩት ጩኸት መሀል የማስታውሰው የጠየቅኩትን አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ ነው አልኩ።

"ረቡዕ ማታ ነው ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "አጎትሽ ከደርባን እንዲመጣ የኮሮና ምርመራው ውጤት እስኪወጣ ጠበቅን።"

ሐሙስ ጠዋት በልቻለሁ ያልኩት ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ሁሉ ጨርሰውት ነበር፤ ወንድሜ በታሸገ ሣጥን አገሩ ገባ። ይህን ሌላ ሰው አያደርገውም፤ እኔም አመሰግናለሁ፤ አልዋሽም። ግን ከረቡዕ እስከ እሁድ ስበላ፣ ስገበያይ፣ በዋጋ ስከራከር የዋልኩትን እኔን ሁሉም አይተውኛል፤ ያንን ልመልሰው አልችልም። ስብሰባውን ማዘግየት ይችሉ እንደነበርም አስባለሁ፤ ያዘገዩት መርዶዬን ነው። ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም።

የስልክ ነጋዴው ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። አጠገቤ ከተቀመጠ በኋላ አንተም ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አውቅ ነበር አለኝ።

"ታዲያ እንዲያ ስትከራከር ኖረህ፣ የዚያን ቀን ለምን ዝም አልክ?"

"ልናገር ነበር የተነሣሁት" አለ። "አንቺው ቆመሽ ደብቁኝ አልሽ።"

ሽማግሌው በዋናው ምርጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዛሬም አንዳንድ ጠዋት በሱቄ ሲያልፉ ቆም ብለው "በላሽ ወይ ልጄ?" ይሉኛል። ደግሞ ማንን ደብቀውኝ ይሆን ብዬ መጀመሪያ አጎቴ ጋ ደርባን እደውላለሁ፤ ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ነው በልቻለሁ የምላቸው።