ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዘጠኝ

ዘጠነኛ ክፍልን ፍኖተ ሰላም ስማር በአንድ ክፍል ሰማንያ ነበርን፤ እኔ አፌን ስከፍት ሦስት መቶ እንመስላለን። ያኔ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በእንግሊዝኛ ያስተምረን ጀምሯል። የሒሳብ መምህራችን ጡረታ ለመውጣት ወራት የቀራቸው ሰው ነበሩ፤ ሥራቸው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ መዝጋት ሆኖ ቀረ።

መብራት ሲጠፋ ግን መምህር ይሆናሉ። መብራቱም ደግ ነው፣ በሳምንት ዘጠኝ ቀን ይጠፋል። ወዲያው ከቦርሳቸው አንድ ወፍራም ደብተር ያወጣሉ። ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ቁጥር ብቸኛ ይባላል፤ ደብተሩ ላይ ባለ አራት አሃዝ ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋሉ። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ለዓመታት ሠርተው ዘጠኝ ሺህ ላይ አድርሰውታል። የቀረው የእኛ ነው። መምህሩ ከመሰናበታቸው በፊት ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት ገልብጠው ክፍሉ ውስጥ ሊሰቅሉት ይፈልጋሉ።

"ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ሁሉም ተጠረገ። አንድ የማይጠረግ ነገር ልተው" ይሉ ነበር።

ከመቶ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሃያ አምስት ናቸው፤ ብቸኛ ያልሆነ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ከእነሱ ባንዱ መካፈሉ ስለማይቀር ለሃያ አምስት ተማሪ ታደሉ። መምህሩ አንድ ቁጥር ይጠራሉ፣ እያንዳንዳችን በያዝነው እናካፍላለን። አንድ ሰው "አለቀልኝ" ካለ ቁጥሩ ይወድቃል፤ ሁላችንም "ቀሪ አለኝ" ካልን ይጻፋል። ሁለትንና አምስትን የያዙት በመጀመሪያው ቀን ጡረታ ወጡ፤ መምህሩ ተጋማሽ ቁጥርም ሆነ በአምስት የሚጨርስ አይጠሩማ። ለእኔ ዘጠና ሰባት ደረሰኝ።

በዘጠና ሰባት ማካፈል ድንጋይ እንደ ማኘክ ነው። ተለፍቶም ሁልጊዜ ይተርፋል። በሁለተኛው ሳምንት ማካፈሉን ትቼ ቁጥሩ ከአፋቸው ሳይወጣ "ቀሪ አለኝ" ማለት ጀመርኩ።

ሰማንያ ዘጠኝን የያዘችው ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ፣ "አንቺ፣ መቼ አካፈልሽው?" አለችኝ።

"ትናንት በሕልሜ።"

"ቲቸር ይሰሙሻል።"

"ቢሰሙ ያደንቁኛል እንጂ።" አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ፈራሁ፤ ከሳምንት በኋላ ወደ ማካፈሌ ተመለስኩ።

ግንቦት ላይ ጨረስን። መምህሩ ቢቆጥሩ አንድ ሺህ ስድሳ ሁለት ሆነ። የቆየ መጽሐፋቸው ግን ልኩ አንድ ሺህ ስድሳ አንድ ነው ይላል። አንድ ሐሰተኛ ገብቷል ማለት ነው።

ርዕሰ መምህሩ፣ "ይስቀሉት እንጂ፣ ማን ይቆጥረዋል?" አሏቸው።

"እኔ ቆጥሬዋለሁ" ብለው ደብተሩን ዘጉ።

ከአንድ ሺህ ዘጠኝ እንደ አዲስ ጀመሩ። ዓይናቸው ቀላ፤ የቆጠሩትን መልሰው ይቆጥሩ ጀመር። ልጆች "ሽማግሌው ሳቱ" ሲሉ ሰማሁ፤ እርሳቸውም ሳይሰሙ አልቀሩም። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ያጻፍናቸውን፣ በደብተሬ የገለበጥኳቸውን፣ አንድ በአንድ ለዘጠና ሰባት አካፈልኩ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፦ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዘጠኝ። ዘጠና ሰባት ጊዜ ዘጠና ሰባት። ከእኔ በቀር ማንም ሊይዘው አይችልም ነበር።

አፌ ወፍጮ ነው ይሉኝ ነበር። ያን ሰሞን ወፍጮው ቆመ። ሰኔ አለቀ፤ ግድግዳው ባዶውን ቀረ፤ እርሳቸውም ቡሬ ወዳለው ቤታቸው ሄዱ።

ሐምሌ ላይ በሚኒባስ ተከተልኳቸው። በረንዳቸው ላይ ደብተሩን ዘርግተው አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት።

"ሃያ አራቱን ደግሜያቸዋለሁ" አሉ። "የአንቺን ብቻ አልነካሁም። ከሁሉ ፈጥነሽ ስትመልሺ፣ ይቺ ልጅ ገብቷታል እል ነበር። ዘጠና ሰባትን በራሱ ማባዛት እኮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ቲቸር።"

"አእምሮዬ የሄደ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ።" ቀዩን እስክሪብቶ አቀበሉኝ። "ሰርዢው።"

ሰረዝኩት።

በመስከረም ትልቁን ወረቀት ላኩልኝ፤ የአምናው ክፍላችን ገብቼ እኔው ሰቀልኩት። መብራት ነበረ። ፕላዝማው ይናገራል፣ አዲሶቹ ተማሪዎች እሱን ያያሉ፣ ወደ ወረቀቱ የዞረ አንድም ሰው የለም። እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ቆሜ እስከ መጨረሻው ቆጠርኩት።