የጣሪያው ማር

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ሃሎ» ይላታል። ስልከኛ ነበረች። ማዞሪያው በማሽን እስኪተካ ድረስ ወጣትነቷን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ስትል ጨርሳዋለች። ጡረታ ስትወጣ ቅጽል ስሙ አብሯት ወጣ። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟት «እትዬ ሃሎ፣ መስመር አለ?» ይሏታል፤ እሷም «ለጨዋ ልጅ መቼም አይጠፋም» ብላ ታልፋለች።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ይህንንም ሳይነግራት ውሎ አያውቅም። ጉምሩክ ውስጥ ዕቃ ፈታሽ ስለነበር ሻንጣ መበርበር የለመደ እጁ ቤት ገብቶም አያርፍም። ቦርሳዋን ይከፍታል፣ መሳቢያዋን ያገላብጣል፣ ከሥራ ትንሽ ከዘገየች ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። በኋላ በሽታ መታውና ግማሽ አካሉ ከዳው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረ። ምላሱ ግን ደህና ነበረች። ሲፈልጋት ከዘራውን አንሥቶ ወለሉን ይደበድባል፤ «አቤት ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» እያለች ትመጣለች። አንድም ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም።

አንድ ረፋድ ላይ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ፣ የንብ መንጋ የውኃ ታንከሩ ሥር ተንጠልጥሎ አገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን እሪ ብሎ ይወርድ ነበር። እሷ እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፈች ቆማ አዳመጠች። ድምፁ የድሮውን የማዞሪያ ክፍል መሰላት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ማንም ግን ማንንም አይቆጣም።

ጎረቤታቸው አናጢው ቀፎ ሠራላት። የአልጋ አጎበር ቀዳ ባርኔጣ ላይ ሰፋች። መጀመሪያ ሰሞን ተነድፋ ፊቷ እንደ ቦካ ሊጥ ሲያብጥ ወንድሟ እስኪያስለው ሳቀ። «እሰይ! ዛሬ ገና ፊትሽ ሞላ። ያኔ በወጣትነትሽ ቢነድፉሽ ባል አታጪም ነበር።» እሷም ባበጠ ከንፈሯ አብራው ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ለምዳዋለች።

ቀስ እያለች እጇን አለዘበች። መክደኛውን እንዴት ሳታንኳኳ እንደምታነሣ፣ ጭሱን መቼ እንደምታቆም ንቦቹ ራሳቸው አስተማሯት። አንዱ ቀፎ ሦስት ሆነ። ማር ስትቆርጥ የመጀመሪያውን ቁራሽ ከነሰፈፉ እዚያው ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ታኝከዋለች፤ ማሩ በእጇ ወርዶ ክርኗ ላይ ሲደርስ ክርኗን ለመላስ ስትታገል አናጢው በመስኮት እያየ ይስቅባታል። ለአናጢው አንድ ብልቃጥ፣ ለልብስ ሰፊዋ አንድ፣ ፎቅ ላይ ለምትኖረው አራስ አንድ ትሰጣለች። የቀረው የወንድሟ ነው። እሱ ብልቃጡን በዳቦ ጠርጎ ይጨርስና «ይበላል» ይላል። ከዚያ ያለፈ ምስጋና አፉ አያውቅም።

ነገሩ የከፋው አንዱ ቀፎ መንጋ ያወጣ ዕለት ነው። ንቦቹ ወጥተው ጎረቤት አጥር ላይ ሰፍረው ነበርና እነሱን ስትሰበስብ የከዘራውን ድምፅ አልሰማችም። ስትወርድ ወንድሟ ወንበሩ ላይ ሽንቱን ለቆት፣ ሱሪው ረጥቦ፣ ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ አልሰማሁም።»

አጠበችው፣ ልብሱን ቀየረችለት። እሱ ትንፍሽ አላለም። ሲሳደብ ነው የምታውቀው፤ ዝም ሲል ልትፈራው ይገባ ነበር። አልፈራችም።

ከዚያም ጥርሷን ልትነቀል የምትሄድበትን ቀን ጠበቀ። ደጁ እንደተዘጋ አጠገቡ ያለውን ስልክ አንሥቶ ደወለ። እሷ ጉንጯ ደንዝዞ፣ አፏ ጥጥ ጎርሶ ስትመለስ፣ ጀርባው ላይ መርጫ ያዘለ ሰው ከደረጃው ሲወርድ አገኘችው።

«አይዞዎት፣ ተባዩ በሙሉ አልቋል» አላት ጭምብሉን እያወለቀ። «ግን እስከ ነገ እዚያ ላይ እንዳይወጡ።»

ገፍትራው ወጣች። ንቦቹ በጀርባቸው ተኝተው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ይሽከረከራሉ። አበባ ሊቀስሙ ሄደው የተረፉት ደግሞ ምንም ሳያውቁ፣ እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት እንደተሸከሙ ወደየቀፏቸው ይመለሳሉ። እንዳይገቡ የራሷን ሻሽ ፈታ አንዱ ቀፎ አፍ ላይ ወተፈችው። እነሱ ግን ቤታቸው ነውና በሻሹ ዳር ዳር እየተሹለከለኩ ገቡ።

ወርዳ ፊቱ ስትቆም ቀድሞ የጠየቃት «ማሩን አተረፍሽው?» ብሎ ነው።

ደም የነካውን ጥጥ መዳፏ ላይ ተፋችው። «ለምን ጋሼ?»

«እኔ ስጠራ የማይሰማ ጆሮ፣ የዝንብ ጩኸትም መስማት የለበትም።»

የሞቱትን ጠርጋ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አወረደቻቸው። ከዚያ በኋላ ሻዩን በሰዓቱ ታፈላለታለች፣ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች፣ «እሺ ጋሼ» ትለዋለች። እሱም ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ማር የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው?» አላት።

«አለ እንጂ ጋሼ።»

ብልቃጥ ከዳቦ ጋር አመጣችለት። ብልቃጡን ሲያጋምስ እጇን አጣምራ ቆማ አየችው።

«ይሄኛውስ ከድሮው ይበልጣል» አለ ጣቱን እየላሰ። «ከየት ገዛሽው?»

«ከጣሪያው ነው።»

«ከየትኛው ጣሪያ?»

«አንተ ካስረጨኸው ቀፎ።»

መጀመሪያ የደነገጠው «አንተ» በመባሉ ነበር። ቀጥሎ ገባው። ዳቦው ከእጁ ወደቀ፤ ደህናውን እጁን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ሊያስመልስ ታገለ፤ ምራቅ ብቻ ወጣው።

ማሩ ንጹሕ ነበር። የተረጨውንማ አናጢው ከነቀፎው ጉድጓድ ምሶ ቀብሮላታል። ይህ ከአምናው የቀረ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያቆየችው ነው። ትንሽ አስፈራርታው፣ ላብ ላብ ካለው በኋላ ልትነግረው ነበር ሐሳቧ።

«ሐኪም ጥሪ!» አለ። «ስልኩን ስጪኝ!»

ስልኩን አንሥታ ክንዷ ላይ አቀፈችው። መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ በዚያ በድሮው የሥራ ድምፅዋ፣ «ይቅርታ፣ መስመሩ ተይዟል፤ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» አለችው።

አለቀሰ። ሆዴ ተቃጠለ አለ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ አለ። ሞት የመጣበት መስሎት ሳትጠይቀው መለፍለፍ ጀመረ።

«በደል አለብኝ፣ እህቴ። ያ የመስመር ሠራተኛው… ረጅሙ…»

በማዞሪያው ዘመን ምሰሶ ላይ እየወጣ ሽቦ የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። መስመር ሲፈትሽ ከላይ ሆኖ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ይላታል፤ «ይሰማል» ትለዋለች። ሥራው ካለቀም በኋላ ሁለቱም ሳይዘጉ ይቆያሉ። ከዚያ በድንገት ድምፁ ጠፋ፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ አሉ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያለች የሰዉን ሁሉ መስመር ስታገናኝ ኖረች።

«አንቺን ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር» አለ ወንድሟ። «ሌላ ሰው አላት፣ በአንተ ትስቃለች አልኩት። አላመነም፤ ተመልሶ መጣ። ደጃፉ ላይ አለቀሰ።»

«ለምን እንዲህ አልከው?»

«ታዲያ ማን ሊያየኝ ነው? ማን ሻይ ሊያፈላልኝ ነው?»

«ማሩ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሲለምናትም፣ ሲረግማትም፣ ደህናውን እጁን ዘርግቶ ቀሚሷን ሲይዝም አልተነሣችም። ፀሐይ ከመስኮቱ ወርዳ ክፍሉ ሲደበዝዝ እሱ ደክሞት አንገቱን ደፋ። ያኔ ማንኪያ አንሥታ ከዚያው ብልቃጥ ሞልታ በላች።

«የአምናው ነው» አለችው። «ምንም የለበትም።»

ትንሽ ቆይቶ ገባው። ደህናውን እጁን ዘርግቶ ብልቃጡን ከፊቱ ገፋው።

ከዚያ ወዲያ ከእጇ አልበላም። በአናጢው በኩል ሙዝ ያስገዛል፤ እንቁላልም ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ ይመጣለትና በአንድ እጁ እያንከባለለ ራሱ ይልጠዋል። ቀስ በቀስ ልብሱ ሰፋው። ሰዉ «እትዬ ሃሎ እኮ ለወንድሟ ስትል አለቀች» ይላታል፤ እሷም «ወግ ነው» ትላለች። ያዘነችለት እንዳይመስለው ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዳቦዋን በማር ቀብታ ትበላለች። በተከታዩ በጋ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ያረፈ መንጋ አግኝታ እንደገና ቀፎ ሰቅላለችና ማሩ አዲስ ነው።

አንድ ጠዋት አልቻለም። ምራቁን ውጦ፣ «እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው፣ ከዚያ ትንሽ ስጪኝ» አላት።

ቀመሰችው። ማንኪያውን ግራና ቀኝ ላሰችው። ብልቃጡን ከደነችና ባርኔጣዋን አንሥታ ወደ ጣሪያው ወጣች።