አስፋልቱ እስኪደርስ

ባለቤቴ አዋሳ ለስልጠና ሄዶ ሲመለስ ከቦርሳና ከፎልደር ጋር አርቆ ማየትም ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት እንደ ማንም ሰው ቤት ልንሠራ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንግሥት ሠራተኞች ቦታ ሲያድል ለእኛም ቦንጋ ዳር ላይ ደርሶን ነበር። ከስልጠናው በኋላ ግን ቦታው ቦታ መሆኑ ቀረና «የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት» ተባለ።

«የጅማው አስፋልት እዚህ ሲደርስ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ያኔ ሸጠን ሁለት ቤት እንሠራለን» አለኝ። አንዱን ሳላገኝ ሁለተኛው ተመረቀልኝ።

እናቴ ከዋጫ ወዲያ ካለው ገጠር መጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። የምንከራየው ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን እትዬ፣ እንግዳ እስካልመጣብን ድረስ፣ ደግ ሴት ነበሩ። እናቴ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰው ግቢ እንዳትሞት። «ለቅሶዬ እንኳ በልጄ ደጅ ይሁን» ትላለች። ቦታውን ያየች ዕለት ማንንም ሳትጠይቅ ዳር ዳሩን እንሰት ተከለች።

«ይሄ ሲደርስ ቤቱም ይደርሳል» አለች። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ምስኪን፣ ባሌ ከእንሰት የሚፈጥን መስሏት ነበር።

ያልተሠራበት ቦታ ይነጠቃል የሚል መመሪያ ነበር። የሰፈሩ ባለቦታዎች መላ አላጡም፤ አንድ መኪና ድንጋይ በጋራ ገዙ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ክምሩ በጋሪ ተጭኖ ተረኛው ቦታ ላይ ይራገፋል። ግንባታ ተጀምሯል ማለት ነው። ያ ድንጋይ ከብዙ የቢሮ ሰው የበለጠ መስክ ወጥቷል።

አንድ ክረምት ተራው የእኛ ሆነ። እናቴ ድንጋዩ ሲራገፍ አይታ እልል አለች፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። በሳምንቱ ጋሪው ተመልሶ ሲጭነው እንሰቷ ሥር ቆማ ታይ ነበር። ያን ቀን ባሌን ጠላሁት።

ማታ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት።

«እንቁላሉስ ይሂድ ልጄ፣ እኔ ነኝ እግር የከዳኝ።»

አስፋልቱ ቦንጋ በደረሰበት በጋ እናቴ ሞተች። እትዬ እያለቀሱ፣ ግቢው ሸቀጥ የሚራገፍበት ስለሆነ ድንኳን እንደማይችል ነገሩን። እድሩ ድንኳኑን ወስዶ ቦታችን ላይ፣ እንሰቱ መሀል ተከለው። ከዋጫ የመጡ ዘመዶቿ እንሰቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ደርሷል» አሉ። ነቅለው፣ ሥሩን ቀቅለው ለቀስተኛውን አበሉ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነጋዴ ሊያጽናናን መጥቶ ባሌ ጎን ተቀመጠ። እግዜር ያጥናችሁ ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቦታው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀው። ባሌ ነጠላውን አስተካከለና ጥቂት አሰበ።

«አሁን አይደለም» አለው። «አስፋልቱ ቀጥሎ ሚዛን ከተማም ይድረስ።»

በማግስቱ እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። እዚያ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ የቆመ ጣሪያ እሱ ብቻ ነው።