አጎቴ ይመር ያሰረው ክንድ

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ መርሳ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ጉልበታቸውን የከረመ ቅቤ ተቀብተው ነበርና፣ ሽታው ሳልፈልግ እየጎተተ የልጅነት ቤቴ ደጃፍ ላይ አደረሰኝ። የሞቀ ቅቤ ሲሸተው ድግስ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔን ትዝ የሚለኝ የሰው ጩኸት ነው።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አባቴና ታላቅ ወንድሙ ይመር መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ይመር ወጌሻ ነበር። በአገራችን ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል አውቃለሁ፣ ፊት ለፊትም እንደዚያው እላለሁ፤ እዚህ ግን ያን ክብር ልሰጠው እጄ አልታዘዘኝም። ወረዳችን ሀብሩ ሁሉ እጁን ሲያወድስ ይውል ነበር፤ እኔ እንደማየው ግን ከአጥንት ወገን በቅጡ የሚያውቀው የበግ ቅልጥም ብቻ ነበር።

ክረምት ሲገባ ገበያው ይደራ ነበር። ጭቃ ያንሸራተተው፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ግራና ከሚባለው ገበያ ሲመለስ ከአህያ የወደቀው ሁሉ እያነከሰ ሲመጣ፣ አጎቴ ቅቤውን አሙቆ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ፣ ያበጠውን እግር በሁለት አውራ ጣቶቹ ይጨፈልቀው ነበር። «ካልጮኸ አልገባም» ይል ነበር፤ ምኑ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ግን የጠየቀው ሰው አላስታውስም። ጎረቤቱም የሕክምናውን ጥራት በጩኸቱ ከፍታ እየለካ፣ «ዛሬስ ጉድ አደረገው!» እያለ ያደንቅ ነበር።

ማሽላ ሲታጨድ ደግሞ ተራው የወገብና የትከሻ ነበር። ጡንቻው የተሳበም፣ ጅማቱ የተጎዳም፣ ትከሻው የወለቀም፣ አጥንቱ የተሰበረም እሱ ዘንድ ስሙ አንድ ነው፣ ወለምታ። መድኃኒቱም አንድ ነበር፤ ማሸት፣ መጎተት፣ በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰር።

እናቴ ዘሀራ ፊደል ሳትቆጥር ከእሱ የተሻለ ታውቅ ነበር። ጤነኛውንና የተጎዳውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ታስተያያለች፤ ቅርጹ ካልተለወጠና ሰውየው ጥቂት መራመድ ከቻለ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጣል አድርጋበት፣ እግሩን ጆንያ ላይ ከፍ አድርጋ፣ «አትነካኩት፣ ይረፍ» ትል ነበር። ቅርጹ ከተለወጠ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ግን ሐኪም ቤት ይሂድ ባይ ነበረች። ማንም አይሰማትም ነበር፤ የእሷ ሕክምና አያስጮህማ!

አንድ ግንቦት፣ ማንጎ በደረሰበት ሰሞን፣ የስምንት ዓመቷ ታናሽ እህቴ መዲና ከግቢያችን ማንጎ ዛፍ ላይ ወድቃ በቀኝ እጇ አረፈች። ክርኗ ወዲያው አበጠ፣ ወደማይታጠፍበትም ዞረ። እናቴ ክንዷን በነጠላዋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ አስፋልቱ ስትራመድ፣ «ወልድያ! ወልድያ!» የሚለው የመኪና ረዳት ድምፅ ከግቢያችን ይሰማ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ ደጁ ላይ ተቀምጦ እያየን ልጅ ይዘን አስፋልት ብንወጣ፣ ሰው ምን ይላል? የወንድሙን እጅ ናቀ ነው የሚለው።»

«ወላሂ ይሄ ወለምታ አይደለም! ክርኗን እየው እስቲ!» አለች እናቴ።

አላየውም። አጎቴ ቅቤውን ይዞ መጣ፣ «ያዟት» አለ፣ እግሯን የያዝኩት እኔ ታላቅ እህቷ ነበርኩ። አሥር ዓመቴ ነው፤ ለትልቅ ሥራ የተመረጥኩ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ሲጎትተው ቀጭ አለ፣ መዲና የጮኸችው ጩኸት ከመኪና መንገዱ ሰው አስመጣ፣ አባቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ገባ!» አለ። ከዚያ በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አሰራት።

ሦስት ቀን «ጣቴን፣ ጣቴን» ስትል ከረመች። አጎቴ «ሊድን ሲል ነው» ይል ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣቶቿ ጠቁረውና ቀዝቅዘው ስታያቸው፣ እናቴ ማንንም ሳታስፈቅድ ማሰሪያውን በምላጭ ቆርጣ፣ አዝላት አውቶቡስ ተሳፈረች። ወልድያ ያገኘችው ሐኪም አጥንቱ ተሰብሮ እንደነበር፣ ከስብራቱ ይልቅ የጎዳት ግን ማሰሪያው መሆኑን ነገራት፤ ደም ያላገኘው የክንዷ ጡንቻ ሞቷል። መዲና ከወራት ሕክምና በኋላ የማይዘረጋ ክንድና እንደተጨበጡ የቀሩ ጣቶች ይዛ መጣች።

ቀጥሎ በመጣው ዒድ፣ ቤተሰቡ አንድ ገበታ ከቦ ሲበላ፣ መዲና በግራ እጇ ቆረሰች። አጎቴ በሰው ሁሉ ፊት፣ «በቀኝሽ ብይ እንጂ! ማን ነው እንዲህ ያሳደገሽ?» አላት። እናቴ ተነስታ ወጣች፣ አባቴ አቀረቀረ፣ መዲና ግራ እጇን ከገበታው ላይ አነሳች። እኔ ያን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ንቄዋለሁ፤ አባቴንም አልማርኩትም፣ አላህ ይማረው።

ባለፈው ሳምንት መርሳ የሄድኩት ይመር ታሞ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ወጌሻ አላስጠራም፤ ልጆቹን «ወልድያ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ብሎ በኮንትራት መኪና ሄዶ ታክሞ መጥቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቆርሶ መብላት አይችልም። ስገባ መዲና አጠገቡ ተቀምጣ፣ በዚያችው በግራ እጇ ጠቅልላ እያጎረሰችው ነበር። አፉን ከፍቶ ይቀበላል፤ ስለ ቀኝ እጅ ያነሳው ነገር የለም።

ያኔ ግቢውን የሚሞላው ጩኸት ነበር፤ ዛሬ የሚሰማው የአንድ ሽማግሌ ማላመጥ ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ አታጎርሽኝም ወይ?» አለኝ። እኔ ሁለት ጤነኛ እጆች አሉኝ። የመዲናን እግር ይዘው የነበሩት እነሱ ናቸው። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ መዲናም የሚቀጥለውን ጉርሻ ጠቀለለችለት።