በገብስ ማሳ ላይ የተፈጸመ ዝውውር

ሞላሌ ላይ ዓምደሚካኤልን የማያውቅ ጎማ የለም። ከመሐል ሜዳ የሚወርደውም ሆነ ከደብረ ብርሃን የሚወጣው መኪና ያንን ኮረኮንች ሲጨርስ እሱ ደጃፍ ላይ ሳይተነፍስ አያልፍም። ቀን ቀን ጎሚስታ ነው፤ ወደ ማታ ደግሞ የከተማዋ እግር ኳስ ቡድን፣ የ«ጓሳ ኮከብ» አሰልጣኝ። አሰልጣኝነቱን ማን እንደሾመው እሱም በውል አያስታውስም። በረኛ ነበር፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ መጮህ ጀመረ፤ ልጆቹም የሚጮኸውን መስማት ጀመሩ። በቃ፣ ሹመቱ ይኸው ነበር።

ጊዜው የ1999 ዓ.ም. ክረምት ነው። አገሩ በሙሉ አዲሱን ሚሊኒየም ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል። ቀበሌው አጥሩን ኖራ ያስቀባል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በመስከረም የሚሊኒየም ዋንጫ ይደረጋል ተብሎ ተወርቷል። የሞላሌ ኳስ ሜዳ ግን ውሃ ቋጥሮ በግ ይጠጣበታል። ሌላው ሰው ክረምትን የኳስ እረፍት ነው ይላል። ለዓምደሚካኤል ግን ዋናው ጨዋታ ያን ጊዜ ነው፦ ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል፣ ማን ይመጣል? የጎማ ከመነዳሪ እየሞረደ፣ ሙጫ እየቀባ የሚያወጣና የሚያወርደው ይህንኑ ነበር።

በዚያ ክረምት ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሣው። አንደኛው አጥቂ ነው። የነበረችውን አንዲት ጎል አግቢ እግር አንድ የአዲስ አበባ ክለብ በሰኔ አስፈርሞ ወሰዳት። ሁለተኛው ወንድምአገኝ ነው። ወንድምአገኝ የመሐል ተከላካዩና የልብ ባልንጀራው ነው፤ ዓምደሚካኤል በረኛ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ኳሱን በደረቱ፣ በጭኑ፣ አንዳንዴም በአፍንጫው ሲመልስለት የኖረ ሰው። አሁን ግን እግሩ ከብዷል። አምና አንድ የዓለም ከተማ ቡድን ልጅ እየደጋገመ አልፎት ሲያገባ፣ በመጨረሻው ላይ ወንድምአገኝ ራሱ ቆሞ አጨበጨበለት።

«ዘንድሮ አትሰለፍም» ሊለው ዓምደሚካኤል ቃል ሲመርጥ ሐምሌ ገባ። ወንድምአገኝ ደግሞ በየቀኑ እየመጣ ከተቆለሉት ጎማዎች ላይ ይቀመጣል። ገበያ ሲሆን በግ መኪና ላይ ይጭናል፤ ገበያ ካልሆነ ሥራ የለውም። የገበሬ ልጅ ነው፤ መሬት ሲደለደል አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነበርና ሳይደርሰው ቀረ።

«እና አሰልጣኝ፣ ዘንድሮ አሰላለፉ እንዴት ነው?» ይለዋል።

«ገና ነው» ይላል ዓምደሚካኤል፤ ጎማው ውስጥ ራሱን ሊቀብር ምንም አይቀረው።

አጥቂውን በተመለከተ ያየው ልጅ ነበር። አንዷለም ይባላል፤ ወደ ጓሳ ሲወጣ ያለው መንደር የሚኖሩት የአቶ ገብረ አማኑኤል ልጅ ነው። ለጥምቀት የገጠር ልጆች ከከተማው ጋር ሲገጥሙ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ከሜዳው አጋማሽ የለጋት ኳስ በረኛውን ባምላኩን አጎንብሶ ማሊያውን ሲያስተካክል አገኘችው። ዓምደሚካኤል ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ልጅ እንደ ሎተሪ አልሞታል።

እናም አንድ ማለዳ ዳገቱን ወጥቶ አባትየውን ማሳቸው ዳር አገኛቸው። የበግ ጸጉር ባናቸውን ተከናንበው ገብሳቸውን ይቃኛሉ።

«ልጄን ለኳስ?» አሉ አቶ ገብረ አማኑኤል። «በሬውን ማን ሊጠምድልኝ ነው? አንተ?»

«እሁድ እሁድ እኮ ነው ጋሽ ገብረ አማኑኤል።»

«እሁድ ሲሮጥ የዋለ ሰኞ ሲቃትት ይውላል። እኔ እንደሆነ ወገቤ ሄዷል፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።» በዱላቸውም ማሳውን አሳዩት። «ይኸው አረሙ፣ ሲናሩ፣ ሊውጠኝ ነው። ቡድንህን ይዘህ በደቦ አርምልኝ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

የሥራ ቀን ማግኘቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። አንዱ ቀን ኪዳነ ምሕረት፣ አንዱ ገብርኤል፣ በመካከል ያለው ደግሞ ገበያ። ዓምደሚካኤል «መንዝ ላይ አጥቂ ከማግኘት ታቦት የሌለበት ቀን ማግኘት ይከብዳል» እያለ ሲያማርር ቆይቶ፣ ፍልሰታ ሳትገባ አንዱን ቀን ያዘ።

«ጓሳ ኮከብ» በሙሉ ሰማያዊ ማሊያውን ለብሶ ዳገቱን ወጣ። ተማሪው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ የወረዳ ጸሐፊው፣ በረኛው ባምላኩም፤ አብዛኛው ገብስን የሚያውቀው ቆሎና ጠላ ሆኖ ነው። አቶ ገብረ አማኑኤል ማሳውን በትልም ከፋፍለው እያንዳንዱን በየፊናው አቆሙትና ቁርስ ሊያስቀርቡ ወደ ቤት ገቡ። ልጆቹ እየዘፈኑ፣ እየተፎካከሩ ነቀሉ። ባምላኩማ በሁለት እጁ ነበር የሚነቅለው።

«ይሄ ሰውዬ የዘራው ሲናር ነው እንዴ?» አለ። «አያልቅም እኮ!»

ሽማግሌው ሲመለሱ ማሳው ዳር የተከመረውን አዩ። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አነሡ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ወይ መድኃኔ ዓለም! ገብሴን!»

ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«ገብሴን ነቅላችሁ ሲናሩን ኮትኩታችሁልኛል እኮ! ዓይን የላችሁም? ተመልከት፤ ገብስ ቅጠሉ ሥሩ ላይ ግንዱን አቅፎ ይይዛል። ሲናር አያቅፍም፤ አንገቱ ባዶ ነው።»

«እኔ በምን ልለያቸው ጋሼ» አለ ባምላኩ፣ የያዘውን ከኋላው እየደበቀ፤ «ሁለቱም አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው!»

ወይዘሮ አሰጋሽ፣ የቤቱ እመቤት፣ ቆሎውን እንደያዙ ሳቃቸው አመለጣቸው። ባልየው ግን አልሳቁም። ዓምደሚካኤልም የገዛ ትልሙን ዞር ብሎ አየ፤ የእሱ ክምርም ገብስ ነበር። አጥቂው ከእጁ ሲወጣ ታየው።

አቶ ገብረ አማኑኤል ግን እሱን አያዩም። ዓይናቸው ከማሳው ማዶ ነው። እዚያ ወንድምአገኝ ትልሙን ጨርሷል፤ ገብሱ ንጹሕ ሆኖ ቆሟል፤ እሱም ማንም ሳያዘው በጎርፍ የተደፈነውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይጠርጋል። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

ጉዳዩ የተነሣው ቤት ገብተው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ነው።

«ያ ቦዩን የጠረገው ረጅሙ ለኳስ እንዴት ነው?» ሲሉ ዓምደሚካኤልን ጠየቁት።

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ። ክረምቱን ሙሉ ሲያዘጋጀው የከረመው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እንደ እሱ ያለ ተከላካይ የለኝም።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው። ልጄን ውሰድና እሱን ስጠኝ።»

«ጋሽ ገብረ አማኑኤል! ሰው እኮ ነው፤ በግ አይደለም!»

«የእኔስ ልጅ በግ ነው? እሱን ልትወስድ አይደለም እንዴ የመጣኸው?» ጠላቸውን ተጎነጩ። «የእኩል ይረስልኝ፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ሁለት በሬ አለኝ፤ ጓሮዬ ያለችውም ቤት ባዶ ናት፤ ሚስቱን ይዞ ይግባ። አንተም አጥቂህን፣ እኔም አራሼን።»

ለአሰልጣኝ ከዚህ የተሻለ ንግድ በሕልም አይመጣም። ከአሰላለፍ ሊያስቀረው የተጨነቀበትን ሰው ሰጥቶ የጓጓለትን ሊቀበል ነው። የሚጠበቅበት እሺ ማለት ብቻ ነበር።

«አልሰጥም» አለ ዓምደሚካኤል።

ባምላኩን ቆሎው ትን አለው። አንዷለም በሩ ሥር እንደቆመ አንገቱን ደፋ። ዓምደሚካኤል በራሱ አፍ ተገርሞ፣ «ያለ እሱ ዋንጫ አይታሰብም» እያለ ሊቀጥል ሲል ወንድምአገኝ የጠላ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ቆይ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ዓምዴ፣ ዘንድሮ ከአሰላለፍ ልታስቀረኝ አልነበረም?»

«ማን ነው ያለህ?»

«ማንም። ሙጫ ስትቀባ ፊትህ ይናገራል። በየቀኑ የምመጣው እኮ ነግረኸኝ እንድትገላገል ነበር፤ አንተ ደግሞ ጎማ ውስጥ ትገባለህ።» ሳቁ መጣና ልጆቹም ተከትለው ሳቁ። ወንድምአገኝ ግን ሳቁን ቶሎ ተወ። «መሬት ነው ዓምዴ። ኳስ አይደለም። ሁለተኛ ማን ይሰጠኛል?»

ዓምደሚካኤል ሲገላበጥበት የከረመውን ነገር ወንድምአገኝ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶለታል፤ ግልግል መሆን ሲገባው ደረቱ ላይ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ይሁን ካልክ ይሁን።»

«በሬዎቹን አንዴ ልያቸው?» አለ ወንድምአገኝ ወደ ሽማግሌው ዞሮ። ማሊያውን እዚያው አውልቆ ለባምላኩ ወረወረለት፤ ከወይዘሮ አሰጋሽ ባና ተውሶ ደርቦ ወጣ። ከውጭ ደግሞ ለሚስቱ መልእክት ሲልክ ድምፁ ብቻ ተሰማ፦ «ዓምዴ! ለጥሩሸዋ ዛሬ አልመጣም በልልኝ!»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዝናብ ያዛቸው። አንዷለም ከአሰልጣኙ ጎን ጎን እየተራመደ ጥያቄ አበዛ።

«ጋሼ፣ ቋሚ ነኝ ወይስ ተጠባባቂ?»

«መጀመሪያ እንዳትወድቅ፤ መንገዱን እይ።»

«ታኬታስ ይሰጠኛል?»

«ይሰጥሃል።»

«በግራም እመታለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ዝም ብለህ ውረድ።»

ጥሩሸዋ፣ የወንድምአገኝ ሚስት፣ ደጃፏ ላይ ማገዶ ታስገባ ነበር። ዓምደሚካኤልን ያለ ባሏ ስታየው እጇ ላይ ያለውን እንጨት አልጣለችም።

«ባሌን የት ጣልከው?»

ነገራት። የእኩሉን ነገር፣ በሬዎቹን፣ ባዶዋን ቤት፣ ቦዩን ማንም ሳያዘው መጥረጉን ሁሉ። ጥሩሸዋ ሰምታ ስትጨርስ እንጨቱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች፤ «ዝናቡ ነው» አለች። ቀጥላም ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተስ በእሱ ፈንታ ምን አገኘህ?»

ዓምደሚካኤል ወደ ኋላው በአገጩ አመለከታት። አንዷለም የኮንጎ ጫማውን ጭቃ ግድግዳው ላይ እያራገፈ ነበር። ጥሩሸዋ የልጁን ቀጫጭን እግሮች አየች፤ ከዚያ መለስ ብላ ዓምደሚካኤልን።

«ተሸውደሃል» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ዓምደሚካኤል፤ ተቀመጥ ሳትለውም ደጃፏ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።