ከሎሪዋ ሆድ ስር

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የመኪናው አጽም፣ ሻንሲው፣ የተጣመመበት ሹፌር ብዙ አይዞርም፤ ወደ ደረበ ይሄዳል። ደረበ የሳንጃ ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከከባድ መኪና ስር ተንጋሎ ኖሯል። በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሲያይ እንኳ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያየው ሆዱን ነው።

ክረምት ሲገባ የዋልካው ጭቃ ጎማ ይይዛል፤ ሰሊጥ ጫኞቹ ወደ እርሻ መግባት ያቆማሉ፤ ጋራዡም ጭር ይላል። ያን ጊዜ ደረበ ከብየዳ ማሽኑ አጠገብ ጠረጴዛ ስቦ ትንንሽ መኪና ይገጣጥማል። በካርቶን ታሽገው፣ ክፍላቸው ተበታትኖ የሚመጡ የፕላስቲክ መኪኖች ናቸው፤ እውነተኛው መኪና ሃያ አራት እጅ ሲያንስ ማለት ነው። ባለ ሱቁ ሽኩር ለዕቃ አዲስ አበባ ሲሄድ ፈልጎ ያመጣለታል።

«በጋ የሰው መኪና፣ ክረምት የአሻንጉሊት መኪና» ትለዋለች ሚስቱ ስርጉት። «እኔም ጎማ ቢኖረኝ ኖሮ ዞር ብለህ ታየኝ ነበር።»

ዘንድሮ ግን ለጨዋታ አልተቀመጠም። የሐጂ ኸሊፋን ሎሪ ሊሠራ ነው።

ሐጂ ኸሊፋ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በአንዲት ቤድፎርድ ሎሪ ከሱዳኗ ገዳሪፍ መተማ፣ ከመተማ ጎንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ተመላልሰዋል። ሎሪዋ አርጅታ ግቢያቸው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ስር ከቆመች በኋላም ጠዋት ጠዋት ጋቢናዋ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ዓይናቸውን ሊታከሙ ጎንደር በሄዱበት ወንዶች ልጆቻቸው ሎሪዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጧት። በኦክስጅን የቆራረጣት ደረበ ነው። «አባታችን ያውቃል» አሉት፤ አምኖ ቆረጠ። ሐጂ ዓይናቸው ሳይድን ተመለሱ። በሴት ልጃቸው በዘሀቢያ እጅ ተመርተው ወደ ኒሙ ሄዱ፤ እጃቸውን ወደ ጋቢናዋ በር ዘረጉ፤ የዳሰሱት ባዶ አየር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ደረበ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰላም ሲላቸው «ማን ነው?» ይላሉ። «ደረበ ነኝ» ሲል «የቱ ደረበ?» ይላሉ። ድምፁን አሳምረው ያውቁታል። እሱም የሚፈልገው ሌላ ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን በስሙ እንዲጠሩት ብቻ ነው።

ሽኩር ያመጣው ሁለት ካርቶን ነበር። አንደኛው ቤድፎርድ ነው፤ ጋቢናው፣ ኮፈኑ፣ የፊት መብራቱ ቁርጥ እሷን። ደረበ ገልብጦ ሆዱን ሲያይ ግን አፉን አጣመመ። ከስር ያለው አንድ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ካምቢዮውም ጭስ ማውጫውም ሰሃን ላይ እንዳለ ስዕል ተለጥፈውበታል። መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ይበቃል። ሐጂ ግን የሚያዩት በጣታቸው ነው፤ ጣት ደግሞ ከላይ ብቻ ዳስሶ አይመለስም።

ሁለተኛው ካርቶን የወታደር መኪና ነው፤ መልኩ ከሎሪዋ ጋር አይገናኝም። ሻንሲው ግን ሻንሲ ነው፤ ሁለቱ ረጃጅም ወራጆች፣ መሐል ለመሐል የሚያያይዟቸው መስቀለኞች፣ ባሌስትራው ቅጠል በቅጠል ተደራርቦ። ደረበ የወታደሩን ሻንሲ አውጥቶ ለቤድፎርዷ ሊያለብሳት ቆረጠ።

ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሻንሲው ሁለት ሴንቲ ያህል ይረዝማል። እንደ ትልቁ መኪና በሰያፍ ቆረጠው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሻንሲ ከመጋጠሚያው ይሰበራልና። ከዚያ ጠፍጣፋ ሆድ ቁራጭ ሸርፎ መጋጠሚያው ላይ በውስጥ በኩል ደረበበት። የወታደሩ መኪና የፊት ዲፈረንሻል አለው፤ የሐጂ ሎሪ ፊቷ አይጎትትም ነበርና ሞርዶ አጠፋው። የጋቢናው እግርና የሻንሲው ቀዳዳ ስላልገጠመ ከእስክሪብቶ ቀፎ አራት ማረፊያ ሠራ። የጭነት ሳጥኑን በቀጫጭን ጣውላ አበጀው። በመጨረሻ መስታወት ላይ አስቀመጣት፤ አራቱም ጎማ እኩል ረገጠ። ወራጆቹን በካልፐር ለካ፤ ከፊት እስከ ኋላ ዝንፍ አላሉም። እንዲህ የቀና ነገር ሠርቶ አያውቅም።

በጨርቅ ጠቅልሎ ሐጂ በረንዳ ደረሰ።

«ማን ነው?»

«ደረበ ነኝ፣ ሐጂ።»

«የቱ ደረበ?»

«ሎሪዋን የቆረጥኳት።»

ዘሀቢያ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። ደረበ ጨርቁን ፈቶ ሎሪዋን ጭናቸው ላይ አኖራት።

ጣቶቻቸው ከአፍንጫዋ ጀመሩ። የኮፈኗን ጀርባ ወጡ፣ የመስኮቷን ጠርዝ ዞሩ፣ የሳጥኑን ጣውላዎች አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። «ተማም፣ ልክ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ገለበጧት። «ካምቢዮ... ትራስሚሲዮን... ዲፈረንሻል...» ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ነው፤ ጣታቸው ግን ጋራዥ ያደገ ሰው ከሚያየው በላይ ያያል። የኋላ ቀኙ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«አይደለችም» አሉ።

«ምኗ ነው ሐጂ?»

«ሎሪ ነች፤ የሠራት እጅ ይባረክ። የእኔ ግን አይደለችም። የእኔ እዚህ ጋ እንዲህ ቀጥ አትልም። አንተ ሰው፣ ስትቆርጣት አላየኻትም?»

ደረበ አይቷት ነበር። ያን ቀን እሳቱን ይዞ ከስሯ ተንበርክኮ፣ የቀኙ ወራጅ ጎብጦ ባየ ጊዜ «ይህን ይዞ ማን ይነዳል?» ማለቱ አሁን ትዝ አለው።

«ጠማማ ነበረች» አለ።

«ታዲያ?»

«አቃናኋት።»

ዘሀቢያ ሳቋ አመለጣት። «ስንቱ ጋራዥ ላቃናልዎ ሲላቸው እምቢ ያሉትን፣ አንተ ሳትጠየቅ?»

«ሳላስበው ነው። እጄ ነው ያቃናት» አለ ደረበ፤ ውሸትም አልነበረም። ጠማማ ብረት እጁ ገብቶ ቀንቶ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም።

ሐጂ ሁለት ጣት አንስተው አሳዩት። «ጓንግ ወንዝ ላይ ድንጋይ መሐል ገብታ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ይህን ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ውሰዳት።»

ሁለት ጣት ለሃያ አራት ሲካፈል አንድ ሚሊ ተኩል ነው። ደረበ ወራጁን በፈላ ውሃ እየነከረ ለማጉበጥ ሞከረ። ለሃያ ሁለት ዓመት የሰለጠነው እጁ አልታዘዝ አለው፤ ባጎበጠው ቁጥር መልሶ ያቀናዋል። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ብቻ ገፋው። ለካው፤ አንድ ሚሊ ተኩል።

ደረበ መልሶ ሲያመጣላቸው ሐጂ ከላይ አልጀመሩም። በቀጥታ ገልብጠው የኋላ ቀኙን ያዙ። አውራ ጣታቸው ጉብጠቱ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ኒሙ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ከጉምሩክ በኩል የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«መሬት አውርዳትና ግፋት» አሉ።

ደረበ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ በቀስታ ገፋት። ጎማዎቿ እየተንኮሻኮሹ ሄደች። ሐጂ ጆሯቸውን አቀኑ። ሁለቱም እጆቻቸው ከጭናቸው ተነሡ፤ የሌለ መሪ ጨበጡ፤ ከዚያም ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ወደ ቀኝ አዞሩት። በዚያው ቅጽበት ሎሪዋ ወደ ግራ ሳብ አለችና የዘሀቢያን መቀመጫ ዱካ ገጭታ ቆመች።

ደረበ ስንቱን የጎበጠ ሻንሲ ለክቷል፤ ሁለት ጣት የቀረ ጎማ መሪው ላይ ምን ያህል እንደሚመጣ ያውቀዋል። እጃቸው የመለሰው ልክ ያን ያህል ነው፤ ነቅነቅ ሳይል፣ ከሎሪዋ ሳይዘገይ። ሎሪዋን እሱ ራሱ ቆራርጦ በገዛ እጁ ሚዛን ላይ ጭኗታል። እነሆ፣ በእኚህ ሰው እጅ ውስጥ አንድ ቡሎን ሳይጎድልባት ቆማለች።

«ወደ ግራ ሳበች አይደል?»

«ሳበች ሐጂ።»

«ለዚህ ነው ያላቃናኋት። ቀጥ ብላ ብትሄድልኝ ጭልጋ ላይ ተኝቼባት ገደል በገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እየጎተተች ያነቃችኝ እሷ ነች።» እጃቸውን ወደ ጭናቸው መለሱ። «ስትቆርጣት ከየት ጀመርክ?»

«ከኋላ። ቀኙ ጋ ስደርስ ብረቱ እምቢ አለኝ፤ እሳቱን ሦስት ጊዜ መለስኩበት።»

«እምቢ ይልሃል። ከውስጥ ላሜራ አስደርቤበት ነበር።» ፊታቸውን ወደ ደረበ አዞሩ። «ልጆቼ እኔ እንደማላውቅ አልነገሩህም?»

«ያውቃሉ አሉኝ።»

«ኻላስ፣ በቃ» አሉ ሐጂ። ዘሀቢያ ሎሪዋን ከመሬት አንስታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ጣታቸው ከጎማ ወደ ጎማ ዞረ፤ ፊት ቀኙ ላይ ቆመ።

«ደረበ።»

«አቤት» አለ።

«ይህ ጎማ ከማሰሪያ ዳዶዎቹ አንዱ ጎዶሎ ነበር። አንተ ሁሉንም ሞልተኸዋል።»

ደረበ ኪሱን ዳብሶ ምላጩን አወጣ፤ እግራቸው ስር ተንበረከከና፣ የሚቆርጣት ዳዶ የቷ እንደሆነች ጣታቸው እስኪያሳየው ጠበቀ።